በወረቀት ላይ ያፈራው ገብስ

ለልጄ አባት፣ ለይመር፤

የት እንደተኛህ ሳላውቅ እጽፍልሃለሁ። ከተለያየን ይኸው ስምንተኛው ክረምት ገባ። አንተ ሳለህ ፊደል አልለይም ነበርና ይህ የማን እጅ ነው ብለህ ትደነግጥ ይሆናል። የኔው የዘነቡ ነው። ጎባጣ ነው፣ መስመር ይስታል፣ ግን ማንም አልጻፈልኝም።

ቤታችን ተመልሼ ገብቻለሁ። አንተ ከሄድህ በኋላ ከየግቢያችን ነቅለው ሜዳው ላይ በመስመር አስፍረውን ነበር፤ መንደር ምሥረታ አሉት። ውኃው ሩቅ፣ ማሳው ሩቅ፣ ነፋሱ ግን ቅርብ። ወታደሩ መካነ ሰላምን ለቆ የሄደ ጊዜ ሁሉም የጣራውን እንጨት እየተሸከመ ወደ ቀድሞ ግቢው ገባ። ልጃችን ፋንታዬ አግብታ ወረኢሉ ናት፤ ባሏ አስተማሪ ነው። ስትቆጣ ቅንድቧን እንዳንተ ታነሳለች። ጎረቤታችን ዘይነባም ከተሰደደችበት ተመልሳ ከአጥሬ ማዶ ናት።

ታስታውሳለህ፣ መሬት ለአራሹ የተባለ ጊዜ? ከምናመርተው እኩሌታውን ለባለርስቱ ስንሰፍር የኖርን ሰዎች ነበርን። ማሳውን በገመድ የምትለካው አንተ ነበርህ። የባለርስቱ መበለት ዳር ቆማ ስታለቅስ፣ «እሷም አፍ አላት፣ እኩል ይድረሳት» ብለህ ከወንዙ ዳር ካለው ለም መሬት ቆረስህላት። ዘማች ተማሪዎቹ ተቆጡህ፤ አንተ ሳቅህባቸው። ሕዝቡ ለዚህ ነው ዳኛ አድርጎ የመረጠህ። የስድሳ አምስቱን ረሃብ በዓይናችን ያየን ነንና፣ ያን ቀን እኔም ከእንግዲህ በዚህ አገር ሰው በእህል አይሞትም ብዬ እልል ብያለሁ። እልልታዬን አልክድም።

ኋላ የአምራቾች ማኅበር መጣ፤ በሬዎችህን አስረከብህ። ማንም እየተነሣ ሲጠምዳቸው ከርሞ የምትወደው በሬህ የቦራ ጫንቃ ተልጦ ያየህ ዕለት ምሳህን ሳትቀምስ ዋልህ። ቢሆንም «ነገሩ አዲስ ነው፤ ይስተካከላል» አልኸኝ። ክፉ ለማሰብ ትቸገር ነበር፤ ጥፋትህ ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በልጉም መኸሩም። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ሰብል ገማቾች በላንድሮቨር መጡ። ከመኪናው ሳይርቁ ማሳውን አይተው ምርቱ ደህና ነው ብለው ጻፉ። ይህንኑ ሕዝብ ሰብስበው ሲያነቡ አንተ ከመሀል ተነሥተህ፣ «ጌቶቼ፣ ይህ ገብስ እንኳን ለመንግሥት ኮታ ለዘርም አይበቃም። ውረዱና እሸቱን በእጃችሁ እሹት፤ ያያችሁትን ጻፉ» አልህ። ካድሬው «አድኃሪ!» ብሎ ጮኸ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር እሸቴ፣ የሚካኤልን ጽዋ አብሮህ የሚጠጣው እሸቴ፣ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ ያፈረላቸው መስሎኝ ነበር።

ገብሱ በወረቀት ላይ አፈራ። በወረቀት ያፈራውን ከጎተራ ሊወስዱ መጡ፤ ለዘር ያስቀመጥነውን ጭምር በአህያ ጭነው ሄዱ። ያም ኮታውን አልሞላ ሲላቸው፣ ይመር ደብቋል ተባለ። የቤቴን ወለል በዶማ ቆፈሩት። አንዲት ፍሬ አላገኙም። አንተን ግን አስረው ወሰዱህ።

ሁለት ጊዜ መካነ ሰላም ድረስ በእግሬ ስንቅ አመጣሁልህ። ሦስተኛው ጊዜ ዘበኛው ጋቢህን አጣጥፎ ሰጠኝ፤ «ከእንግዲህ አትድከሚ፣ እናቴ» አለኝ። አንድ ወረቀትም አሳየኝ። ምን እንደሚል ብጠይቀው «ማንበብ አትችይም እንዴ?» ብሎ አጠፈው። አልቅሼ እንዳላስለቅስ ተከለከልሁ። ተዝካርህ አልወጣም። በዚያው ዓመት ጉድጓድ ቆፋሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ፤ ለሞተው ሁሉ ምክንያቱ አንተ ሆንህ። ይመር ያን እህል ባይደብቅ ኖሮ ይሉ ነበር። ፋንታዬን ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ «የሌባ ልጅ» ይሏታል፤ እንስራዋን ባዶውን ይዛ ትመለሳለች።

እንግዲህ ስማ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማሳችንን እያረሰ፣ ከእርዳታው ስንዴም ቆንጥሮ እያመጣ ያኖረን ማን ነበር? እሸቴ። አንቱ እያልሁ መረቅሁት። «የሟች ወዳጅ እንዲህ ነው» እያልሁ ለሰው አወራሁለት።

መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከሁሉ ቀድሜ ተመዘገብሁ። ያ ዘበኛ ያጠፈው ወረቀት እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ፊደል ያስተማረችኝ ያችው ባሌን የበላችብኝ አብዮት ናት፤ ይህንንም አልክዳትም።

ወታደሩ የሄደ ሰሞን ሕዝቡ የገበሬ ማኅበሩን ቢሮ ሰብሮ ገባ። ወንበሩን የወሰደ ወሰደ፣ ቆርቆሮውን የነቀለ ነቀለ። እኔ መዝገቦቹን በነጠላዬ ቋጥሬ ወጣሁ። ማሳ ዳር ተቀምጬ ሦስት ቀን አነበብሁ። በሦስተኛው ቀን ስምህን አገኘሁት። «የኮታ እህል የሸሸገ፣ ሕዝብን በአብዮቱ ላይ የሚያነሣሣ» ይላል። አቅራቢው እሸቴ ነው፤ ፊርማው አለ። ከፊርማው በታች የመንደሩ ሰው ሁሉ የጣት አሻራ በረድፍ ተደርድሯል፤ ከያንዳንዱ ጎን ስሙ ተጽፏል። ወንድሜ አለበት። የንስሐ አባታችን አሉበት። ከላይ ስድስተኛው ላይ ደግሞ «ዘነቡ» ይላል።

ይመር፣ የኔው አውራ ጣት ናት።

አንተን በወሰዱህ በአራተኛው ቀን ለእርዳታ ስንዴ ምዝገባ ተብሎ ተጠርተን ነበር። ጸሐፊው ቀለሙን ይዞ ተቀምጧል። ልጄ ትራባለች ብዬ ሰው ገፍቼ ወደፊት ተሰለፍሁ። ዘይነባ ብቻ፣ «የማላውቀው ወረቀት ላይ ወላሂ ጣቴን አላሳርፍም» ብላ ተመለሰች፤ ከስንዴው ስሟ ተሰረዘና ልጆቿን ይዛ ተሰደደች። ያኔ ሞኝ ናት ብያት ነበር።

ባለፈው የኅዳር ሚካኤል ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። የእድር ዳኛ ይመረጥ ተባለ፤ እሸቴ ይሁን አሉ፤ ሰውም አጨበጨበ። ያን ጊዜ መዝገቡን ይዤ ተነሣሁ። ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አነበብሁት። ስሞቹንም አንድ በአንድ ጠራሁ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዘነቡ፣ የይመር ሚስት» አልሁ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

እሸቴ ከመቀመጫው ተነሣ። «ዘነቡ፣ እኔ እሱን ባልጽፈው እኔን ይጽፉኝ ነበር» አለ።

«እሱንም እህል የሸሸገ ሰው ጻፍ ብለውት ነበር» አልሁት። «ዳኛ አልነበረም ወይ? በፊትህ ተጠይቆ እንቢ አላለም ወይ? እሱ አንተን ጻፈህ?»

ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያልሁት። የእድሩን ዳኝነት ሌላ ሰው ወሰደ። ሚስቱ ከፊቴ ስታልፍ በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍናለች። ሰላምታ ቢሰጥ ግማሹ ሰው አይመልስለትም። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሽሃለሁ? ሰባት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን እህል አልጣፈጠኝም።

ከጥምቀት በኋላ እሸቴ ሽማግሌ ይዞ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ መጣ። «ልጃችን፣ ስለ ሚካኤል ብለሽ ይቅር በይው» አሉኝ። ደጄ ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ወጣች። ዘይነባ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ በይም አትበይም አላለችኝም። ሽማግሌዎቹ ከአሁን አሁን ይቅር ትለዋለች ብለው አዩኝ። አላልሁትም። በመጨረሻ እሸቴ ራሱ ድንጋዩን አውርዶ ሄደ። ድንጋዩ እስካሁን ደጄ ላይ ነው፤ ማንም እንዲያነሣው አልፈቀድሁም።

የፋንታዬ ባል ሲመጣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ሰዎቹ አበላሹት ይለኛል። ቄሱ እግዚአብሔርን ስለካዱ ነው ይላሉ። ሌላው ዝናቡን ይከስሳል። ምድር ላይ ገነት እናመጣለን ያሉት ስንቱ አገር እንዲህ እንደሆነ ሬዲዮውም ያወራል። እኔ የማውቀው ያንን ወረቀት ነው። ላንድሮቨር ላይ ያሉት የላይኛውን ፈሩ፤ እሸቴ እነሱን ፈራ፤ እኛ እሸቴን ፈራን። እሸቱን በእጃችሁ እሹት ያለው አንድ ሰው ነበር፤ እሱን አሰርነው። ከዚያ በኋላ አገሩ ቢራብ ማን ይናገር? ገነት የተባለችው የኛ ጣት ያለባት ወረቀት ነበረች፤ ወረቀት ደግሞ አይበላም።

ቃል እገባልሃለሁ። እስትንፋሴ እስካለች በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ከዚያች ዛፍ ሥር ቆሜ ስምህን እጠራለሁ፣ ስማቸውንም እጠራለሁ፣ ስሜንም አልዘልም። ፋንታዬም ከኔ በኋላ እንድታነበው መዝገቡን አሳይቻታለሁ።

ይቅርታውን ግን እኔ ልሰጥ አልችልም። ከተከሳሾቹ አንዷ ሆኜ እንዴት ዳኛ እሆናለሁ? ዳኛው አንተ ነህ። ስመጣ እንኳን ደህና መጣሽ ከማለትህ በፊት ጠይቀኝ፤ ስለ ስንዴው፣ ሰው ገፍቼ ስለመሰለፌ፣ ሁሉን እነግርሃለሁ። ልብህ ሩኅሩኅ ነውና እኔን ምናልባት ትምረኝ ይሆናል። ለእሸቴ ግን፣ የኔ ጌታ፣ እባክህ አትቸኩልለት።

ዘነቡ