ለእንግዳ የጸዳው የባቄላ ማሳ

ስመኝዬ፣

መካነ ሰላም ድረስ በጭነት መኪና የተንገላታሁት ለአንድ የታመመ ፈንገስ ብዬ ነበር። በሼህ ከማሉዲን ማሳ ባቄላ የሚያደርቀው ፈንገስ መባዛት አቅቶታል፤ ቫይረስ ገብቶበት የመራቢያ ጂኖቹን ሳይዘጋበት አልቀረም፤ ቫይረሱን ወደ ሌላ ማሳ ፈንገስ ብናጋባው ባቄላው ይድናል። ናሙና ልወስድ ብደርስ፣ ጉደኞቹ ተቀባዮቻችን፣ የወረዳው ግብርና ሹሞች፣ እንግዳ ይመጣል ብለው ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ሁሉ አስለቅመው አቃጥለዋል፤ የቀረው ላይ መድኃኒት አስረጭተዋል! «ሞዴል ማሳ» የሚል ሰሌዳ ተክለው ያጨበጭባሉ። ነገ ከጎረቤት ማሳ ጤነኛው ፈንገስ ይመጣላቸዋል። ሼህ ከማሉዲን ጠጋ ብለው፣ «አላህ ጠላታችንን አሳምሞልን ነበር፤ እነዚህ ጠያቂ ሳይደርስ ቀበሩት» አሉኝ።

የኛም አለቃ እንግዳ ሲሰማ ያው ነው። ለቤተ ሙከራው ልጆች ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ ፈንገስ የማራባባቸውን ሳህኖቼን ግን ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ ማንም እንዳያጥብብኝ።

አስናቀው