ለጋዝ የሚጠጣ ወተት

ሐምሌ 19፣ ጠዋት

ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። የሦስተኛው ታንከር ጣሪያ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ብሏል። ስክሪኑ ላይ ከሴንሰሮቹ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ወርዷል። ትንሽ ነው። ግን ትናንትም ትንሽ ነበር።

ደብተሬ፣ አንተ ነዳጅ ዴፖ ገብተህ አታውቅም። የቤንዚን ታንከር ጣሪያ እንደ ቤት ጣሪያ የተቸነከረ አይደለም። ቤንዚኑ ላይ ይንሳፈፋል፤ ለድስቱ የጠበበ ክዳን ወጡ ላይ እንደሚተኛው። ቤንዚኑ ሲሞላ ይወጣል፣ ሲጎድል ይወርዳል። ከበላዩ ሌላ ክዳን የለም፣ ዝናቡ በቀጥታ እሱ ላይ ነው። መሃሉ ላይ የውሃ መውረጃ አለ። መውረጃው ከተደፈነ ውሃ ይጠራቀማል፣ ጣሪያው ያዘነብላል፣ ያዘነበለ ጣሪያ ደግሞ ይሰጥማል። ከዚያ ያ ሁሉ ቤንዚን ለሰማይ ራቁቱን ነው። አንድ መብረቅ ይበቃዋል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሰፈር አለ።

የእኔ ሥራ ይህን ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆኖ ማየት ነው። አየሁ። ለሥ/አስኪያጁ ደወልኩ። ሳቀ። አባ ኮዳሽ ዛሬ ደግሞ ምን አለች አለኝ።

ሰኔ ላይ አንዱ ሴንሰር ጣሪያው ዘመመ ብሎ ጮኸ፣ ሽያጭ አስቆምኩ፣ ለካ አባ ኮዳ ላዩ ላይ ቆማ ኖሯል። ያ ግዙፍ ራሰ በራ ወፍ! ከዚያ ወዲህ ስሙ ወጣለት። ሴንሰሩም አባ ኮዳ፣ እኔም የአባ ኮዳ እናት።

ሐምሌ 20፣ ከሥራ መልስ

ወደ ላይ ወጣሁ። እስከ ታንከሩ አፍ ድረስ ብቻ። መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ቤንዚኑ ጎድሏል። በምሥራቅ በኩል ውሃ ያብረቀርቃል። ውሃው ላይ ፌስታል። ቢጫ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ። የአዳማ ነፋስ ከገበያ የለቀመውን ሁሉ አምጥቶ እኛ ጋ ያራግፋል። መውረጃውን የደፈነው እሱ ነው።

የጋዝ መለኪያዬን በሲባጎ አስሬ ቁልቁል ሰደድኩት። ገና መንገዱን ሳያጋምስ ጮኸ። ቤንዚን ሲተን ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ታንከሩ በጎደለ ጊዜ ጣሪያው ላይ ይተኛል። ነፋሱ እታች አይደርስም። ያኔ ታንከር ሳይሆን ጉድጓድ ነው።

ቤት ስገባ ግርማ ቡት ጫማውን እንዳደረገ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ።

ሐምሌ 21

ትናንት ስለ ግርማ መጻፍ አቃተኝ። ዛሬ ልሞክር።

ባለቤቴ ግርማ እዚሁ ዴፖ የታንከር ሠራተኛ ነበር። ካቻምና በፍልሰታ፣ እንደ አሁኑ ታንከሩ ጎድሎ መውረጃው ተደፍኖ፣ ሊጠርግ ወረደ። ጣሪያው ላይ ወደቀ። ጓደኛው ከድር ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ያለ ጭንብል ወርዶ አወጣው። ግርማ ዳነ። ዳነ ነው የሚባለው። የወረደውና የወጣው ግን አንድ ሰው አይደሉም። ስሜን አንዳንዴ ያውቀዋል። በየጠዋቱ ቱታውን ይለብሳል፣ ቡቱን ያጠልቃል፣ ሄልሜቱን ይደፋል፣ ዛሬ የትኛው ላይ ነው የምወርደው ይለኛል። በኋላ እላለሁ። ወተቴስ ይላል። እሰጠዋለሁ።

ስለ ወተቱ ልንገርህ። ታንከር የሚወርድ ሰው ቀድሞ ወተት ይጠጣል። ጋዙን ያጥባል ይላሉ። እኔ ስንት ጊዜ አስተማርኩ! ወተት ሆድ ይገባል፣ ጋዝ ሳንባ ይገባል፣ ሁለቱ የት ይገናኛሉ? በአክብሮት ያዳምጡኛል። ከዚያ ይጠጣሉ።

ያን ቀን ግርማ ጾመኛ ስለነበር አልጠጣም። ከድር እስላም ነው፣ ጠጥቷል። ግርማ ወደቀ፣ ከድር በእግሩ ወጣ። አለቀ። ዴፖው በሙሉ ፈረደ፤ ግርማን የጣለው ጾሙ ነው፣ ከድርን ያተረፈው ወተቱ ነው። መ/ቤቱስ ምን ተማረ? የወተቱን መጠን ጨመረ። በዓመቱ ሪፖርት ላይ "የሠራተኛ ደኅንነት" በሚለው ሥር ገባ። አነበብኩት። ሳቅ ነው የመጣብኝ።

ሐምሌ 24

ዘነበ። ጣሪያው አሁንም ወርዷል።

ሥ/አስኪያጁ ራሱ ወጥቶ አየ። አሁን አመነ። ማመኑ ባሰ። ከድር ይውረድና ይጥረገው አለ።

የምፈልገውን ነገርኩት። ሽያጭ ይቁም። ቤንዚኑ ወደ ሌላው ታንከር ይዛወር። እሳት የማይጭር ፓምፕ ይምጣ፣ ውሃውን ከላይ ሆነን እንምጠጠው፣ ሰው አይውረድ። የግድ ከሆነ ደግሞ የአየር ሲሊንደር ከነጭንብሉ። ሲሊንደሮቹ የት አሉ? ሊሞሉ አዲስ አበባ ከሄዱ ከረሙ። ፓምፑስ? በአዲሱ በጀት። አዲሱ በጀት እኮ ገብቷል! እሱም ገና አልተለቀቀም።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየኝ። ቦቴዎቹ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ከተማው ቤንዚን የለውም፣ ባጃጆቹ ማደያ በር ላይ ያድራሉ። ሽያጭ አቆምኩ ብዬ ለማን ልንገር ነው የሚለው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሐምሌ 26

ከድር መቆጣጠሪያ ክፍል መጣ። በኦሮምኛው አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ቃሌ አለኝ እንደ ወትሮው፣ የወተቷን ጀሪካን ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጠ። ግርማ የሚጠጣው ወተት የእሱ ነው፣ አዳማ አቅራቢያ ደራ ካሉት ላሞቹ። ግርማ ከወደቀ ጀምሮ አላቋረጠም። እሱ ራሱ ግን ቤታችንን ረግጦ አያውቅም። አንድ ቀንም። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም፣ እኔም እንዲመጣ የፈለግሁ አይመስለኝም።

እንዳትወርድ አልኩት። ለመንኩት። ስንቴ ወርጄ የለም እንዴ አለኝ። አላህ አለ፣ ወተቱ አለ። ደግሞ እኔ ካልወረድኩ ለማያውቅ ሰው ነው የሚሰጡት አለ። ግርማም ያን ቀን ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ... ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ አቆመ።

እንባዬ መጣ። በንዴት ነው። ሰውን በሰውነቱ ያተረፈ ሰው ምስጋናውን ለላም ሲሰጥ! ጉልበቱ ነው፣ ዕድሉ ነው፣ ትንፋሹን ይዞ መሮጡ ነው ግርማን ያወጣው። ሁለተኛ ጊዜ ዕድል ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል?

ሐምሌ 29

ምንም። ዝናብ። ጣሪያው ያው ወደ ታች። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር፣ ምን እንደምለምን ጠፋኝና ተመለስኩ።

ነሐሴ 1

ጾም ገባ። ግርማ ወተቱን ጠየቀ። ንስሐ አባታችን ለሕመምተኛ ፈቅደዋል፣ ሰጠሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን። ያን ፍልሰታ ቢጠጣስ ኖሮ የሚል ሐሳብ እኔንም ሽው አለኝ። እኔን! አስተማሪዋን! ተስፋ መቁረጥ ሰውን እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሥራው ለነሐሴ 4 ተቀጠረ። የሥራ ፈቃዱ ላይ ፈርሚ ተባልኩ። አልፈርምም አልኩ። ሥ/አስኪያጁ አልተቆጣም። ግድ የለም፣ ተረኛው ይፈርማል አለ። ይኸው ነው። የእኔ አለመፈረም እጄን ከመታጠብ ያለፈ ጥቅም የለውም። ከድር ሲወድቅ እጄ ንጹሕ ይሆናል።

ሥራውን ልልቀቅ? ለቅቄ ግርማን ምን ላብላው? ለቅቄስ ጣሪያው ይቃናል?

ነሐሴ 2

ዛሬ ከድርን ቤት ወሰድኩት። ከሥራ በፊት፣ በማለዳ፣ ከደራ ሚኒባስ ሲወርድ መናኸሪያ ጠብቄ። ወተቱን ዛሬ ራስህ አድርስ አልኩት። እምቢ ማለት ፈለገ። ግን ባጃጁ ውስጥ ገባ።

ግርማ አልጋው ጫፍ ላይ ነበር፤ ቱታ፣ ቡት፣ ሄልሜት። ከድርን አየው። ይወቀው አይወቀው እንጃ፣ ግን የሥራ ባልደረባው መሆኑ የገባው ይመስለኛል፤ ፈገግ አለ። ወተቱን ቀዳሁ። ግርማ ተቀበለኝና አልጠጣም። ለከድር ዘረጋለት። እንዲህ ነው ያለው፣ ቃል በቃል ልጻፈው፦

"ጠጣ። እኔ ካልወጣሁ አንተ ታወጣኛለህ።"

ከድር ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ከዚያ በየቀኑ ይጠጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በየቀኑ፣ ያንተን ወተት፣ አልኩት። ከካቻምና ጀምሮ? ከካቻምና ጀምሮ። ግርማን አየው፣ ቡቱን አየው።

"ጋዙ አልታጠበለትም፣" አለ።

ብርጭቆውን ሳይቀምስ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። የግርማ ጉልበት ላይ እጁን ጣል አደረገ፣ ወጣ። በር ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲያለቅስ ሰማሁት። ወጥቼ ላጽናናው አልሄድኩም። ይልቀስ ብዬ ነው።

ነሐሴ 3፣ ከቀትር በፊት

ከድር አልወርድም አለ! ለሥ/አስኪያጁ ፊት ለፊት። ያለ ሲሊንደር አልወርድም፣ ወተታችሁን ውሰዱ። እኔ ስክሪኔ ላይ አጎንብሼ እንደ ሞኝ ፈገግ እላለሁ። ደብተሬ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳ ጣፈጠኝ። ሽሮ ነው፣ ያው የጾም።

ነሐሴ 3፣ ከሰዓት

የፈገግታዬን ዋጋ አገኘሁ።

ሁለት የቀን ሠራተኞች አመጡ። ከመንገድ ዳር። ጉድጓድ ቆፋሪዎች ናቸው፣ አንደኛው ታንከርን ከአጥሩ ማዶ እንጂ በቅርብ አይቶ አያውቅም። ለነገ ጠዋት ተዋዋሉ። ምንም ችግር የለውም፣ ወተት ይሰጣችኋል ተባሉ። ደስ አላቸው። ወተት ማን ይጠላል?

ከድር የፈራው ደረሰ። አንዱን አዳንኩ ብዬ በሁለት ለወጥኩት። ከድር ቢያንስ ትንፋሹን መያዝ ያውቅ ነበር። እነዚህ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይገባል፤ ጉድጓድ ላይ የለመዱት እሱን ነው፣ ወንድም ወድቆ ቆሞ ማየት ነውር ነው። እንደዚያ ነው አገሬው በየጉድጓዱ ተከታትሎ የሚያልቀው። በደግነት።

ምንም የሚሠራ ነገር የለም። የተናገርኩት ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ሞት ይዞራል። ደክሞኛል። እግዚአብሔር ሆይ ደክሞኛል።

ነሐሴ 3፣ ወደ ቤት ስወጣ

አንድ ነገር። የታንከሩ መሰላል ሥር የብረት በር አለ፣ ሰው ዝም ብሎ እንዳይወጣ። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል። ሌላው የታንከር ሠራተኞች አለቃ ጋ፣ ማለትም ከድር ጋ። ልወጣ ስል ከድር ገባ። የእሱን ቁልፍ ጀሪካኑ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

በሩን ቢሰብሩስ? በምን ይሰብሩታል። መዶሻም መቁረጫም እሳት ይጭራል። ቤንዚን አጠገብ ያን ሥ/አስኪያጁም አይደፍርም።

ነሐሴ 4፣ 1 ሰዓት ተኩል

መሰላሉ ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ። ጀርባዬ በሩ ላይ ነው። ከድር አጠገቤ ቁጢጥ ብሏል። ሁለቱ ቆፋሪዎች ወተታቸውን ይዘው ከአጥሩ ሥር ቆመዋል፣ ግራ ገብቷቸዋል። ከድር በኦሮምኛ ያወራቸዋል። አንደኛው ወተቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሌላው ጠጣው፣ ይጠጣ።

ሐሳቤ ይኼ ነው። ሽያጭ እስኪቆም፣ ቤንዚኑ ወደ ሌላው ታንከር መሄድ እስኪጀምር፣ ቁልፍ የለም። ሥ/አስኪያጁ ያባርረኛል። ምናልባት ፖሊስ ይጠራል። ጣሪያው በዚህ መሃል ቢሰጥምስ? እሱንም አስቤዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ግርማ ቡቱን አጥልቆ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ የትኛው ላይ ነው የምወርደው አለ። በኋላ ልል አፌን ከፈትኩ። ዛሬ ማንም አይወርድም አልኩት። ግርማዬ፣ ዛሬ ማንም ሰው አይወርድም።

አየኝ። ከዚያ ጎንበስ አለ። የቡቱን ማሰሪያ ራሱ ፈታው። ከካቻምና ጀምሮ ራሱ ፈትቶት አያውቅም፣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ጫማውን አልጋው ሥር አስገባ፣ ሄልሜቱን አወለቀ፣ ጋደም አለ። ወተቴስ አላለም። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

የመኪና በር ተዘጋ። ሥ/አስኪያጁ ነው። ብቻውን አይደለም። ከድር ተነሣ፣ እኔም ልነሣ። ቁልፉን አልሰጥም።