እንቅርት የሌለው አንገት

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልሽ ናፍቀሽኝ ብቻ አይደለም፤ ቂሜን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው። ለንስሐ አባታችን ብነግራቸው ተይው ይሉኛል። አንቺም ብትኖሪ ተይው ትይኝ ነበር። አሁን ግን ልትከለክይኝ አትችይምና ዝም ብለሽ ስሚኝ።

ቤታችን ደህና ነው። የኩሽናው ቆርቆሮ ተቀይሯል። የስፌት መኪናዬን አንቺ መኝታ ክፍል አስገብቼ እዚያው እሠራለሁ፤ መስኮቱ ወደ ጭላሎ ተራራ ስለሚያይ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ብርዱ እንደምታውቂው ነው። በሐምሌ አሰላ ውስጥ ጋቢ ሳይደርብ የሚቀመጥ ሰው የለም፣ ካንቺ በቀር።

በሩን ክፈቺው ወበቀኝ ያልሽኝ የመጀመሪያው ቀን ውጭ በረዶ ይጥል ነበር። ነጠላሽን ጥለሽ በካርቶን ክዳን ራስሽን ታራግቢ ነበር። ጎረቤቶችሽ ሳቁ። የአምሳ ዓመት ሴት ናት፣ የወር አበባ ሲቋረጥ እንዲህ ያደርጋል፣ እኛም አይተነዋል አሉ። አልዋሹም። የእነሱ ግን መጥቶ ይሄድ ነበር፤ ፊታቸውን አግሎ፣ ደረታቸውን በላብ አርሶ፣ ሳይቆይ ይበርድላቸዋል። ያንቺ አልሄደም። እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተሽ። ከሁላችንም በላይ እየበላሽ ቀሚስሽን በሦስት ወር ሁለቴ አጠበብኩልሽ። እኔ የሰው ወገብ እየለካሁ የምኖር ሴት፣ ሙሽራ ልትሆኚ ነው ወይ ብዬ ቀለድኩብሽ። ይህን ለራሴም ይቅር አላልኩትም።

ክሊኒክ የሄድነው የልብሽ ምት ከቀሚስሽ ላይ መታየት ሲጀምር ነው። ወጣቷ ሐኪም በትዕግሥት አስረዳችን። በዚህ ዕድሜ ሙቀትና ላብ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የወር አበባ መቋረጥ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ የሚወሰድ መድኃኒትም፣ ተደብቆ የቆየ ኢንፌክሽንም ሊያመጣው ስለሚችል ሳይመረመር ዕድሜ ነው ተብሎ አይታለፍም አለችን። የደምሽ ውጤት ሲመጣ ታይሮይድ ሆነ። ሲያብጥ እንቅርት የሚባለው የአንገት ዕጢ ከልኩ በላይ እየሠራ ነበር። ኪኒን ሰጠችሽና በራስሽ እንዳታቋርጪ ብላ ሁለቴ ደገመችልሽ። በወሩ ላቡ ቀነሰ። ጋቢሽን አምጪልኝ ያልሽኝ ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከዚያ ታናሽ እህትሽ ዘነበች ከኢተያ መጣች። እንቅርት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ገበያ ላይ ያበጠ አንገት እያየን ነው ያደግነው። ዘነበችም አንገትሽን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። ታዲያ እንቅርቱ የታለ? የምርመራ ወረቀትሽን ከሌላ ሴት ጋር አቀያይረውት ነው፣ የሰው መድኃኒት እየዋጥሽ ነው አለችሽ። ይሄ ምች ነው ብላ ፈረደችና ኪኒንሽን ሽንት ቤት ጨምራ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችሽ። እኔ የሙሽራ ልብስ ላደርስ አቦምሳ ሄጄ ነበር። ስመለስ ብጠይቅሽ፣ ኋላም ላቡ ሲመለስብሽ፣ እየዋጥኩ ነው አልሽኝ። እህትሽን ላለማሳፈር እኔን ዋሸሽኝ፣ እማዬ። ኪኒኑን ባቆምሽ በአምስተኛው ወር ልብሽ ቆመ።

ለቅሶሽ ላይ እንደ ዘነበች ደረቱን የደቃ አልነበረም። የኪኒኑንም ነገር በአርባሽ ማግስት ራሷ ነገረችኝ፤ ያንን የሰው መድኃኒት ቶሎ ባለመጣሏ እየተቆጨች! ድሮ አንቱ እላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ ነው የምላት።

ባለፈው ታኅሣሥ ለልጇ ሰርግ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ጠዋት ነው፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር እጄ ቆመ። ግማሿ የለም። ላቧ በሸሚዟ አልፎ ጣቴን አረጠበው፤ እጇም እንዳንቺ ይንቀጠቀጣል። ወበቀኝ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ አለችኝ። ከፈትኩላት። ሌላ ምንም አልነገርኳትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። በወር ውስጥ እንደሚሰፋት እያወቅኩ ቀሚሱን በልኳ ሰፍቼ ሸኘኋት።

ሃያ ቀን እንዲሁ አለፈ። ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ቀሚሱን ይዛ መጣችና አጥብቢልኝ አለች። መቀሱን አስቀምጬ ክሊኒክ ወሰድኳት። አዝኜላት እንዳይመስልሽ። አሁን ብትሞት ያደረገችውን ሳታውቅ ትሞታለች፤ ምንም እንዳልበደለች ካንቺ አጠገብ ትቀበራለች። ይህን አልፈቅድላትም።

ሐኪሟ ያችው ናት። ውጤቱም ያንቺው ሆነ፤ በዘር ሊሄድ ይችላል አለችን። ዘነበች አንገቷን ዳሰሰች። አላበጠም እኮ አለች። ሐኪሟም ሁሉም አያብጥም፣ ሳያብጥም ልብ ይጎዳል ብላ መለሰችላት። ያኔ፣ እናቴም ይኸው ነበረባት፣ ኪኒኗን ሽንት ቤት ጨመሩባት አልኩ። ሐኪሟ ደንግጣ ማን ነው እንዲህ ያደረገው አለች። እኔ ዘነበችን አየኋት። እጇ አንገቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

ከሰርጉ በኋላ እኔ ቤት ገብታለች። ኪኒኗን በየጠዋቱ የምሰጣት እኔ ነኝ፤ እስክትውጥ ድረስ ቆሜ አያለሁ። ላቡ ትቷታል፣ ፊቷም ሞልቷል። ትናንት ይቅር በይኝ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አነሳኋት እንጂ ይቅር አላልኳትም። አንቺ ትምሪያት ይሆናል፤ እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ እንድትረሳሽ አልፈቅድላትም።

ጎረቤቶችሽ እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት፣ አክስቷን እንደ እናቷ ነው የያዘቻት እያሉ ያመሰግኑኛል። እኔም እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣት እላለሁ። ምርቃት መስሏቸው አሜን ይላሉ።

ልጅሽ