ንጹሑን የመረጠ እጅ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ በእጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ ሥራህም የቀና ሆኖ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። ወገብህን ያስቸግርህ የነበረው ሕመም እንዴት ሆነልህ? የምታድርበት ክፍል ጣሪያ ማፍሰሱንስ ተወ? እኔ ደኅና ነኝ። አክስታችንም ደኅና ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ብቻ ጉልበቷ እንቢ ይላታል። ቢሆንም «ጉልበቴን ይዞ ምላሴን የተወልኝ ፈጣሪ ይመስገን» እያለች ትሥቃለች። የእርሷን ሰላምታ ሳልቀንስ አድርሼልሃለሁ። የእኔን ግን ከወትሮው አሳጥሬዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኘዋለህ።

ባለፈው በስልክ ያዘዝኸኝን ፈጽሜአለሁ። «ለጌም ቤቴ ሁለት ጆይስቲክ ግዢልኝ፤ አንቺ አንብበሽ ነው የምትገዢው፣ ቤቱን የሚጠብቅልኝ ብሎን ከሄደ ዓይኑን የሳበውን አፍሶ ነው የሚመጣው» ብለኸኝ ነበር። ከዚያም እንደ ዋዛ፣ አንደኛው ጥቁርና ደኅነኛ፣ ሌላው ግን ነጭ እንዲሆን፣ ነጩ ርካሽም ቢሆን ግድ እንደሌለው ጨመርህ። ለምን ነጭ እንደ ሆነ ብጠይቅህ «ለዓይን ደስ ይላል» ብለህ ሣቅህ። እኔም አብሬህ ሣቅሁ።

እውነቱን ለመናገር ያሣቀኝ ቀለሙ ሳይሆን ይህን ሥራ ለእኔ መስጠትህ ነው። እጄ ለጨዋታ አለመፈጠሩን ከአንተ አስበልጦ የሚያውቅ የለም። በልጅነታችን ስንት ጊዜ ተጋጥመን አንድም ቀን አሸንፌህ አላውቅም። አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን ሁለታችንንም ለማሳደግ አቅም አጥታ፣ አክስታችን አንዳችንን ልትወስድ የመጣችበትን ቀን አስታውስ። እናታችን መምረጥ ተስኗት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ፣ «በጨዋታ ይለይልን፤ የተሸነፈ ይሄዳል» ያልኸው አንተ ነህ። እንደ ልማድህም «ታናሽ ትቅደም» ብለህ ጆይስቲኩን አስቀድሜ እንድመርጥ ፈቀድህልኝ። አንደኛው እንደ ሁልጊዜው በስኳርና በእጅ እድፍ ተጨመላልቆ ነበር፤ ሌላው ንጹሕ ነበር። ንጹሑን አነሣሁ፤ ተሸነፍሁ፤ ሄድሁ። ያን ዕለት እናታችን የዕቃ ማድረቂያ ጨርቋን ፈልጋ ማጣቷ ለምን ከኅሊናዬ እንዳልወጣ እንጃ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ የገባሁት በእንግድነት ነው፤ ስትሞትም ከራስጌዋ የነበርኸው አንተ ነህ። በዚህ ቂም ይዤብህ አላውቅም። አክስታችን ነገሩን ባነሣች ቁጥር «ቀድሜ የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ሕግ ሕግ ነው» እያልሁ ስከራከርልህ አድጌአለሁ።

ወደ ግዢው ልመለስ። የእጅን ጉድለት በንባብ ልተካው ብዬ፣ በማተሚያ ቤት አንድን ረቂቅ በማርምበት ጥንቃቄ ስለ ጆይስቲክ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። በሱቁም ዘንጉን ገፍቼ እየለቀቅሁ ወደ መካከሉ ቀጥ ብሎ መመለሱን፣ ቁልፎቹ ሳይሰነቀሩ መነሣታቸውን፣ ገመዱ ከሥሩ አለመላላቱን አንድ በአንድ ፈተሽሁ። ሻጩ እጁን አጣጥፎ ሲያየኝ ቆየና «እህቴ፣ ባል እንኳ እንዲህ ተገላብጦ አይመረጥም» አለኝ። ባል ሲበላሽ የሚለውጥልኝ ሱቅ ስለሌለ በዚህ መለማመድ እንደሚሻለኝ ነገርሁት፤ ከዚያ በኋላ ካርቶኖቹን ራሱ ይከፍትልኝ ጀመር። ነጩንም አሳየኝ። ላዩ እንደ ወተት ያማረ ነው፤ ዘንጉ ግን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ፣ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ያዘነብላል። ሁለት ሰዎች እኩል ሊጋጠሙ የሚችሉት እኩል መሣሪያ ሲይዙ ነው በሚል ሐሳብ ሁለት አንድ ዓይነት ጥቁሮች ገዛሁ። ትእዛዝህን ያሻሻልሁልህ መስሎኝ ኮራሁ።

ጌም ቤቱን ለብሎን ትተህ ከሄድህ ወዲህ እግሬን አስገብቼበት አላውቅም ነበር። ካቻቢቴ ከኪሱ ስለማይጠፋ ይህን ስም ያወጣህለት አንተ ነህ፤ ካቻቢቴው ግን መጥረጊያ እንደማይሆን አልነገርኸውም። ወለሉ ጫማ ይዞ አይለቅም። የጆሮ ማዳመጫዎቹ ስፖንጅ የስንት ሰው ላብ ጠጥቶ ውኃ እንደ ነካው ዳቦ አብጧል። አየሩ ያልታጠበ ካልሲ ይሸታል። ብቸኛ ሰው ሲመጣ ብሎን ራሱ የሚገጥመው ከጀርባ ባለው ኮምፒውተር ነው፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ካሉት ሁለት አሮጌ ጆይስቲኮች አንዱን ባየሁ ጊዜ ቦርሳዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። በቁልፎቹ መካከል የጥፍር እድፍ፣ የደረቀ ማስቲካ፣ ምንነቱን የማላውቀው ጠጉር የበቀለበት ነገር አለ። ጎማው ታኝኳል። ጓደኛው ግን ከአጠገቡ ተወልውሎ ተቀምጧል። አንዱን እንዲህ የሚያጸዳ ሰው ሌላውን ለምን እንደሚንቅ ሊገባኝ አልቻለም።

አዲሶቹን ለብሎን ሰጠሁት። ካርቶኖቹን ከፍቶ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው። ጋሼ አንዱን ነጭ አላለሽም?»

ነጩ ገና ከአሁኑ የተበላሸ መሆኑን ባስረዳው ጭንቅላቱን አከከ፤ አንተን እስኪጠይቅ ድረስ እንዳይነኩ ብሎ ካርቶኖቹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባቸው፤ ከዚያም ሻይ ሊጠጣ ወጣ። እኔም ያን እድፍ እያየሁ መቀመጥ ስላልቻልሁ አልኮልና ጥጥ ገዝቼ ተመለስሁ። በክብሪት እንጨት ከየስንጥቁ ያወጣሁትን ነገር እዚህ አልዘረዝርም፤ ምግብ በልተህ ይሆናል። ስጨርስ ሁለቱ አይለያዩም ነበር።

ብሎን ተመልሶ ሲያይ በሩ ላይ ቀጥ አለ።

«እትዬ አራት ነጥብ፣ ቤት አፈረስሽ። የትኛው ነው የትኛው?»

ስለ አራሚነቴ ያወጣልኝን ስም ሰምቼ እንዳልሰማሁ፣ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው አልሁት። እርሱን እንዳልጠየቀኝ ነገረኝና ካቻቢቴውን መዝዞ ሊፈታቸው ሲል ዳቦ ጋጋሪው ገባ።

ይህን ሰው ታውቀዋለህ። ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ ረፋድ ላይ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጎራ የሚል፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ፣ እጁን ግን እስከ ክርኑ ታጥቦ የሚመጣ ሰው ነው። ብሎን እንዳወራኝ፣ ሁልጊዜ ሲሸነፍ «የእኔ እጅ ከሊጥ በስተቀር የሚታዘዝለት የለም» እያለ ከፍሎ ይወጣል። ይህን ስሰማ ዘመዴ የሆነ ያህል ወድጄው ነበር። አንተ ግድግዳው ላይ በገዛ ጽሕፈትህ «እንግዳ ይቅደም። የተሸነፈ ይከፍላል።» ብለህ የለጠፍኸውን ሕግ ቀና ብሎ አየና እንግዳ ነኝና ልምረጥ ብሎ እጁን ዘረጋ። ትንሽ አመነታ። ሁለቱን አገላብጦ፣ ዛሬ ቤቱ ምን ነክቶት እንደ ጸዳ ጠይቆ፣ ወደ እርሱ የቀረበውን አነሣ።

ከዚያ የሆነውን ብታይ በሌላ ቀን በሣቅ ትሞት ነበር። የብሎን ተጫዋቾች ኳሱን ትተው ወደ ግራ መስመር እየሸሹ ይወጣሉ። አንዱማ ማንም ሳይነካው ብቻውን እየሮጠ ከሜዳ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ዳቦ ጋጋሪው ጎል ላይ ጎል አስቆጠረ። ብሎን ድገመኝ አለ፤ ተደገመ። ወንበር እንለዋወጥ አለ፤ ተለዋወጡና እንደገና ተሸነፈ። ጆይስቲክ እንለዋወጥ ሲል ግን ዳቦ ጋጋሪው ሕጉን በጣቱ አሳየው። «ዛሬስ ምን በልቼ ነው የወጣሁት?» እያለ፣ ሳይከፍል፣ ዱቄቱን በየበሩ እያራገፈ ሄደ።

ብሎንን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ጠየቅሁት። አላፈረም። እንዲያውም የሙያ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው ወደ እኔ ጠጋ አለ። ደኅነኛው ጆይስቲክ እንደማይታጠብ፣ እንዲያውም ሲደርቅ ትንሽ ስኳር እንደሚቀባ ነገረኝ። የተበላሸው ግን በየማለዳው በአልኮል ይወለወላል። ከዚያ እንግዳውን አክብሮ ማስቀደም ነው።

«ማን የቆሸሸውን ያነሣል? ጨዋ ሰው ሁሉ ንጹሑ ላይ ነው እጁ የሚያርፈው። እኛ ሰረቅነው እንዴ? ራሱ አይደል የመረጠው?»

ይህን ማን እንዳስተማረው ጠየቅሁት። መልሱን ሳላውቀው የጠየቅሁ አይምሰልህ።

«ጋሼ ነዋ። 'ንጹሕ ሰው በገዛ ንጽሕናው ይያዛል' ነው የሚለው። ከልጅነቱ የሠራበት ነው፤ አንድም ቀን ከሽፎበት አያውቅም።»

ተነሥቼ እጄን ታጠብሁ። ያን ሁሉ ግም ስፈለፍል ያልሸሸኋቸውን ሁለቱን፣ ጠረጴዛው ላይ ተወልውለው ሲያበሩ ባየሁ ጊዜ በጋዜጣ ሸፈንኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታጠበ ብርጭቆ ሳነሣ እንኳ እጄ ያመነታል። ወንድም ጋሼ፣ ቆሻሻ ያስጠላል እንጂ አይዋሽም። እኔን ያንገሸገሸኝ የተወለወለው ነው፤ «ታናሽ ትቅደም»፣ «እንግዳ ይቅደም» የሚለው ነው። ሌባ ኪስ ይገባል፤ ያንተ ብልሃት ግን የሰውን ጨዋነት ለቅሞ መልሶ በእርሱው ላይ ወጥመድ ያደርገዋል፤ ሲሸነፍም የሚወቅሰው ራሱን ነው። የማታውቀው ጥሩ ቃል የለም፤ ሁሉንም ግን በአልኮል አሽተህ ነው የምታቀርበው።

በማግሥቱ ዳቦ ጋጋሪውን ጠብቄ ነገርሁት። ብሎን በጥርሱ እያፏጨ ወጣ። ሰውዬው ይጮኻል፣ የከፈለውን ይጠይቃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም። ሁለት እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ፣ አንድ ጊዜ በመዳፉ አንድ ጊዜ በጀርባው እያገላበጠ፣ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«እንግዲህ እጄ ደኅና ነው ማለት ነው?» አለኝ።

እኔም የራሴን እያየሁ ነበር።

ያደረግሁትን ልንገርህና ልጨርስ። መሳቢያውን አስከፍቼ አዲሶቹን ሁለት ጥቁሮች ጠረጴዛው ላይ አኖርኋቸው። ነጭ ጆይስቲክ እዚያ ቤት ከገባ ከሕጉ ሥር ሌላ ጽሑፍ በእኔ እጅ እንደሚለጠፍ፣ በእርሱም አንድ የፊደል ስሕተት እንደማይገኝ ብሎንን አስጠንቅቄዋለሁ። «አራት ነጥብ ከቆመ ከዚያ ወዲያ ምን ይነበባል?» ብሎ ተቀበለ። ስትሄድ አደራ ብለህ የሰጠኸኝን የጌም ቤቱን ሁለተኛ ቁልፍ ግን ለአክስታችን ሰጥቻታለሁ፤ ከእንግዲህ የእኔ መያዝ አይገባውም።

ለአክስታችን ምክንያቱን አልነገርኋትም። በእርሷ ቤት ያነበብሁትን፣ የተማርሁትን፣ ያገኘሁትን እየቆጠርህ እንዳትጽፍልኝ አደራህን። እኔው ቆጥሬዋለሁ። የምወዳቸው መጻሕፍት ሁሉ ሰሞኑን እጅ እጅ ይሉኛል፤ ይህ ያልፍልኝ ይሆናል፤ እስኪያልፍ ግን ውለታ ነው ብሎ የሚነግረኝ ሰው አልፈልግም።

አሮጌዎቹን ሁለቱን ወደ ቤቴ ወስጃቸዋለሁ። እኩል ታጥበዋል፤ የትኛው ደኅናው እንደ ሆነ አልሞከርሁም፤ ሆን ብዬ አልሞከርሁም። ስትመጣ አንድ ጊዜ እንገጥማለን። በዚህ ጊዜ ግን ታላቅ ይቅደም።

ለጥቂት ቀናት ሳስብ የቆየሁት አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አክስታችን በወሰደችኝ ዕለት ስትሰናበተኝ አጥብቀህ አቅፈኸኝ ነበር። መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ቀሚሴ ከጎኔ፣ የአንተ ኪስ ባረፈበት በኩል፣ ርሶ አገኘሁት። ልጅ ነበርሁና ከምን እንደ ራሰ አልጠየቅሁም። እናታችን ግን ከኋላችን አሁንም ጨርቋን እየፈለገች ነበር።

ፈጣሪ ወገብህን ይማርልህ። መንገድህን ያቅናልህ፤ በሰው አገር ክፉ አይንካህ። የምትመርጠው ሁሉ ሆዱም እንደ ላዩ ይሁንልህ።

ታናሽ እህትህ