ልጃችንን በትውስት ሲወስዷት

ይድረስ ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለመሪጌታ ሀብተጊዮርጊስ፤ ዜማ ከአንደበትዎ፣ ፍርድ ከልብዎ ለማይነጥፍ፣ ደጅዎ ለተጣላ ሁሉ መታረቂያ ለሆነ፣ ለእኔም ከአባታችን ዕረፍት ወዲህ አባት ለሆኑልኝ፤ የምድር ስፋት ያላጎደለው የታናሽነት ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት በኅዳር ብርድ አልባሰብዎትም? ዓይንዎስ ከታከመ ወዲህ ድጓውን ያለ መነጽር ያሳይዎታል? የእትዬ አረጋሽ ደም ብዛትስ ረግቶላቸዋል? እኔ፣ እርጅናው ከሚያጎብጠኝና በረዶው ከቤት ከሚያውለኝ በቀር፣ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የልጅዎ የሰርካለም ነገር ነው። ልጅዎ ማለቴ ለወግ አይደለም፤ እኔ በእስር በነበርሁበት ዘመን አጉርሰውና ገሥጸው ያሳደጓት እርስዎ ስለ ሆኑ፣ ዛሬም ከእኔ ቃል ይልቅ የእርስዎ ቃል ከልቧ ይገባል። እንደሚያውቁት፣ የዚህ የአሜሪካ ሠራዊት የሚገዛውን መሣሪያ መርምሮ የሚቀበለውንና የሚመልሰውን መሥሪያ ቤት በከፍተኛ ሹመት ከሚመሩት አንዷ ናት። እዚሁ አውሮራ የሚገኝ አንድ የግል ኩባንያ ያቀረበውን ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ብርድ ሲጠና መንገዱን ይስታል፣ ከሥሩ ያለው ወታደርም የሰው ልጅ ነው ብላ፣ ሁለት ጊዜ መልሳበታለች። አሁን ያው ኩባንያ በስሟ ጠርቶ እንድትሰጠው ጠየቀ፤ አለቆቿም ፈቀዱ። ከጥር ጀምሮ ለሁለት ዓመት፣ ደመወዟን መንግሥት እየከፈላት፣ በትውስት ኩባንያውን ልታገለግል፣ ከዚያም ወደ ቀድሞ ወንበሯ ልትመለስ ነው።

በእኛ ዘመን ጸሐፊ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዋስ አይቻለሁ፤ ዳኛ ለተከራካሪ ሲዋስ ግን አላየሁም ብላት፣ “አባባ፣ ደግሞ ጀመሩ! እዚህ ኖርማል ነው እኮ። ኢንዱስትሪውን ከውስጥ ካላወቅነው እንዴት አድርገን እንቆጣጠረዋለን? ደግሞ ስመለስ ለጥቂት ጊዜ የእነሱን ጉዳይ እንዳልነካ የሚያግድ ደንብ አለ” አለችኝ። ጊዜው ሲያልፍስ ብላት፣ “ሲያልፍማ ሥራዬ ነው” ብላ ሣቀች። ጉቦ ቢሆን ስሙን ጠርቼ በተቆጣሁ ነበር፤ ይህ ግን ስሙ ዕውቀት፣ ስሙ ዕድገት ሆኖ፣ ከቅዳሴ ወጥተን መኪና ማቆሚያው ስንደርስ ምእመናኑ እንኳን ደስ አለዎ የሚሉኝ ነገር ነው። ታክሲ ነጂው ውባየሁማ፣ “ጋሼ፣ ከእንግዲህ ከእርስዎ ጋር መኳረፍ ቀረ፤ ድሮን ይልኩብናል!” እያለ ሰውን ያስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ባለፈው እሑድ የኩባንያው ኃላፊ እራት ተጋብዞ ቤታችን መጣ። ፊት ለፊት የምነግረውን ቃል ሳሰናዳ ሰንብቼ ነበር። ሰውየው ግን፣ የገዛ የልጅ ልጄ ናታን እንኳ ከስልኩ ቀና የማይልልኝን ሽማግሌ፣ ገና ስገባ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ሽሮው ሸሚዙ ላይ ሲፈስበትም ማንም ሳይስቅበት ራሱ ሣቀ። ጥሩ ሰው ነው፤ መከራዬም ይኸው ነው። ሊሄድ ሲነሣ ሰርካለም፣ “አባባ፣ ይመርቁን እንጂ” አለችኝ። እንግዳ ሳይመረቅ ከደጄ አይወጣምና ቆምሁ፤ አንደበቴ ግን ያሰናዳሁለትን ሁሉ ትቶ አባታችን ለነጋዴ ይመርቁት የነበረውን ይዞ ወጣ፤ “ገበያህ ይቅና፣ ደጅህን ገዥ አይራቀው፣ የሸጥኸው አይመለስብህ!” ናታን በእንግሊዝኛ አስረዳው። ሰውየውም በሣቅ ደረቱን ይዞ ወደ ሰርካለም ዞረና፣ አባትሽ ያሉትን ሰማሽ፣ አይመለስብህ ብለውኛል አላት። እርስዋም ሣቀች፤ ቀጥላም አሜን አለች።

ወንድሜ ሆይ፣ የበሉበትን ወጪት መስበር ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን። እኔ በልጄ ማዕድ ስለምኖር፣ የምታለብሰኝም የምታሳክመኝም እርስዋ ስለሆነች፣ ያሰናዳሁትን ቃል ውጬ እንግዳዋን ከመረቅሁ፣ እርስዋ ሁለት ዓመት በእነርሱ ማዕድ ተቀምጣ፣ ከዚያ ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከኩባንያው ባልደረቦች ሁሉ ጋር ተላምዳ ስትመለስና ያ አውሮፕላን ለሦስተኛ ጊዜ ከፊቷ ሲቀርብ፣ አይሆንም የምትለው በየትኛው አንደበቷ ነው? ይህንኑ ልነግራት ሁለት ጠዋት ከበሯ ቆምሁ፤ ሁለቱንም ጠዋት፣ መድኃኒትዎን ዋጡ ብላኝ ግንባሬን ስማ ወጣች።

ለእትዬ አረጋሽ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ። ሄዋን ትምህርቷን እንዳትሰለች፣ አያቷንም ደግፋ ቤተ ክርስቲያን እንድታደርስ ይንገሩልኝ። ለእንዳልክና ለሚስቱ፣ ለአዲሱም ሕፃን ናፍቆቴ ይድረሳቸው። ናታንም፣ በሚያውቃት አማርኛ፣ ሰላም በልልኝ ብሏል።

ሰርካለም አዲስ ሥራ ስትይዝ እንደ ልማዷ፣ ምርቃትዎን ለመቀበል በገና ዕለት ትደውልልዎታለች። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ወደ ወንበሯ ከተመለሰች በኋላ የዚያን ኩባንያ ዕቃ ፈጽሞ እንዳትመረምር ቃሏን ሳትሰጥዎ አይመርቋት።

ታናሽ ወንድምዎ
እንዳሻው
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.