የሰማያዊው መብራት ሶኬት

ሰኞ

አሪየትን ሳሉ አሁንም አልተዋትም። ሁለት ሳምንት አለፋት። የበሽተኛ ስም እየመዘገበች ክርኗን አፏ ላይ አድርጋ ትስላለች፤ እኔ ወለሉን እየወለወልኩ እቆጥራለሁ። ዛሬ ጠዋት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ። "አቧራው ነው፣ እትዬ ዘነቡ" አለችኝ። ምን አቧራ አለ በዚህ ዝናብ?

የቲቢ ክፍላችን መጠበቂያ ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሰማያዊ መብራት አለ። ማራገቢያው አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ መብራቱ አየሩ ውስጥ ያለውን ጀርም ይገድላል። ያስተማረኝ ሰው የለም። ካርቶኑን ልጥል ስል ውስጡ ወረቀት አገኘሁ፤ ፊደል በፊደል ለቅሜ አነበብኩት። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

ማክሰኞ

ልጻፈው። ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሶኬት አንድ ነው፣ መብራቱ የተሰካበት። ክረምቱ ሲገባ ከኩሌ የስደተኞች ካምፕ አማቷን ያመጣች ሴት ባትሪው የሞተ ስልክ ይዛ ፊቴ ቆመች። ባሏ ከደቡብ ሱዳን ሊደውል ነው። "እናቴ፣ ትንሽ ብቻ።" መብራቱን ነቅዬ ስልኳን ሰካሁላት። በማግስቱ ሦስት ስልክ መጣ። ከዚያማ ወረፋ ሆነ። ዝናብ እንዳይገባ መስኮቱም ዝግ ነበር።

ወደ ቤት ስሄድ መብራቱን መልሼ እሰካዋለሁ። ባዶ ክፍል ሲያጸዳ ያድራል። እኔም ጎበዝ ነኝ እል ነበር።

ረቡዕ

አሪየት ለምርመራ አክታ ሰጠች። ምሳ ሰዓት እናቷ ሕፃኗን ለጡት አመጣችላት። አሪየት "ውጤቱ እስኪታወቅ" ብላ ከሩቅ አየቻት። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ጮኸች።

የክፍላችን ነርስ፣ የሲስተር ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። "ምን ፈለግሽ?" አለችኝ። "ሳሙና አልቋል" አልኩ። አላለቀም።

ሐሙስ

ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ላቦራቶሪው ውጤት አልሰጠም። ውጤቱ ሳይመጣ ልናገር አልኩ። ነጻ ናት ከተባለ በኋላማ ማንም ይናገራል።

አሪየት ባለችበት ለሲስተር ነገርኳት። ሲስተር እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። "ክረምቱን ሙሉ?" "አዎ።"

አሪየት እየሳለች ሳቀች። "የኔንስ ስልክ ስንቴ ሰክተሽልኛል! መብራቱ መጥፋቱን አይቼ፣ እትዬ ቆጣቢ ናት እል ነበር።"

ሲስተር አልሳቀችም። "እኔም በየቀኑ ከሥሩ አልፋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ቀና ብዬ አላየሁም። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ግን እጽፋለሁ።" ይጻፍ።

ዓርብ

አሪየት ቲቢ የለባትም! ሳሉ ካልተዋት እንደገና ትታያለች። ልጇን አቅፋ ኮሪደሩን ሁለቴ ዞረች። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ።

ከቢሮው ሶኬት ኮሪደሩ ላይ ባለብዙ ቀዳዳ ዲቫይደር ተዘረጋ፤ ስልኮቹ እዚያ ተደርድረዋል። ሶኬቱ ላይ በፕላስተር "አይነቀልም" ብዬ ለጠፍኩ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ትንሽ ጠመም ብሏል።

ሲስተር ግን በሽታው ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል አለች። በክረምቱ እዚያ የተቀመጡት ሁሉ ይጠሩ፣ የሚስል ካለ ለምርመራ ይምጣ፣ አለች። መዝገቡን ይዘን ከአሪየት ጋር ተቀመጥን። መጀመሪያ ለኩሌዋ ሴት ደወልን። ስልኳ ዝግ ነው። ሦስቴ ሞከርን።

ያን ቀን "እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ" ብላኝ ስትወጣ የስልኳ ባትሪ ሙሉ ነበር።