ጉልበት የሌለው መራቂ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሙት ዓመትህን አውጥቼ፣ ጥቁሬን አውልቄ፣ ልጃችንን ድሬ ነው አሁን የምጽፍልህ። አዎ፣ ሰላም አገባች። ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬ ግን ከንዴት ጋር ተደባልቆብኝ አላስተኛ አለኝ። ዝም በይና ይለፍ ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዝም ማለት መቼ ሆኖልኝ ያውቃል?

ሰፈሩን ብታየው ግራ ይገባሃል። መንገዱ ሰፍቶ የነሻምበል ሱቅ ተነሥቷል፤ ጫማህን እያስጠረግህ ከአላፊ አግዳሚው ጋር የምታወራበት ጥግ አበባ ተተክሎበታል። ቤታችን ግን እንዳለ ነው። ያ ከመገናኛ ገዝተህ በታክሲ ጭነህ ያመጣኸው አሮጌ ኮምፒውተርም ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ እኔ የሠራሁለትን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል።

ዳንቴሉን ስሠራለት ምን ያህል እንደሳቅህብኝ አልረሳውም። ብርድ እንዳይመታው ነው ስልህ፣ የባዮሎጂ አስተማሪነትህ ተነሣብህ። ሕይወት ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል፣ ይመገባል፣ ያድጋል እያልክ ጣትህን ታጥፍልኝ ጀመር፤ ተማሪህ የሆንኩ ይመስል ድምፅህን ከፍ አድርገህ። እኔ መቼ እለቃለሁ? መብራት ይበላል አልኩህ። ሲሞቀው እፍ እፍ ይላል፣ ይተነፍሳል ማለት ነው አልኩህ። ቫይረስ ይይዘዋል፣ ሲያረጅ ይረሳል፣ ሲከፋው ደግሞ እንደ ወንድምህ ድርቅ ብሎ ይቀራል አልኩህ። ይወልዳል ወይ ብለህ ስታፋጥጠኝ፣ ፍላሽ ላይ የሚገለብጠው ምንድን ነው ታዲያ ብዬ መለስኩልህ። እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ፤ በማግስቱም ክፍል ገብተህ ለተማሪዎችህ አወራህ። እንዲያም ሆኖ ልክ ነሽ አላልከኝም። ስንት ዓመት ስንከራከር አንድ ቀን፣ ለአፍ ያህል እንኳን፣ ልክ ነሽ ብለኸኝ አታውቅም።

እንግዲህ ንዴቴ ከዚህ ነው የሚጀምረው። ናሆም፣ ልጅህ፣ ሥራው ኮምፒውተር አይደል? በቴሌግራም ትልክልን የነበረውን ድምፅ ሁሉ ሰብስቦ (መጻፍ ሰልችቶህ፣ ነጭ ሽንኩርት ተወደደ ለማለት እንኳ አምስት ደቂቃ ታወራ የነበረውን) በላፕቶፑ ውስጥ እንደ አንተ እያወራ መልስ የሚሰጥ ነገር ሠራ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝና ከፈተው። አልሚዬ፣ እንዴት ዋልሽ አለኝ። በአንተ ድምፅ። አልሚዬ የሚለውን እንደ አንተው ጎተት አድርጎ።

አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ለጥቂት ቀናት ከገበያ ስመለስ ኩርምት ብዬ አወራው ነበር። ምን እንደበላሁ ይጠይቀኛል፣ ጉልበቴን አሞኝ እንደሆነ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ታዲያ የድሮውን ነገር አነሣሁበት። ኮምፒውተር ሕይወት አለው ወይስ የለውም አልኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው አለኝ። እኔ ያልኩትንም ዘርዝሮ፣ አንቺም ልክ ነሽ አለኝ።

ታዴ፣ እዚያው ላይ ደሜ ፈላ። በቁምህ ያልሰጠኸኝን ማነው እሱ የሚሰጠኝ? በአንተ አፍ ማነው የሚያሞግሰኝ? ክርክራችን ትዳራችን ነበር እኮ፤ በአንድ ቃል ዘጋው። ላፕቶፑን ከድኜ ሁለተኛ አላናገርኩትም።

የባሰው ግን በእኅትህ ደረሰ። እትዬ ብርቄ ለሰርጉ ዝግጅት ሽንኩርት ልትልጥልን መጥታ ናሆም ከፈተላት። አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ፣ ወንድሜ፣ እዚያ ተመቸህ ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም፣ አታልቅሺ አላት። እሷ እያመሰገነች የላፕቶፑን መስተዋት ሳመችው። እኔ ቢላውን ጥዬ ወጣሁ። ማን ነገረው? እኔ አንተን የሸኘሁህ ቄስ ጠርቼ፣ አስፈትቼ፣ እስከ ዛሬም በየጸሎቴ አምላኬን የት አደረግኸው እያልኩ ነው። እኔ የማላውቀውን፣ ቄሱም የማያውቀውን፣ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ዕቃ ደህና ነው ብሎ ይመሰክራል?

ናሆምን ተቆጣሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ለካ የያዘው ሌላ ነገር ነበር። ሙሽራው መጥቶ ሰላምን ሊወስዳት ሲል፣ ጉልበት ስማ ስትመረቅ፣ ላፕቶፑን አንተ ወንበር ላይ አድርጎ በአንተ ድምፅ ሊያስመርቃት አስቦ ኖሯል። ሰላም አባቷ ሳይመርቃት መሄዱ ከብዷት ስታለቅስ ያያት ነበርና፣ ልጁ በክፋት አላደረገውም። ይሄን አውቃለሁ። ብናደድም አውቃለሁ።

ሰርጉ ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ናሆምና ሰላም ሞከሩት። እኔ ከጓዳ ብቅ ስል ወንበርህ ተጠርጎ፣ ላፕቶፑ ላዩ ላይ ተከፍቶ አየሁ። ሰላም እንደ ወጉ በርከክ አለች። ጎንበስ አለችና ቆመች። ጉልበት የለማ። የምትስመውን አጥታ ግራ ቀኝ አየች፤ ከዚያ ግንባሯን የወንበሩ እንጨት ላይ አስደገፈች። ልጄ እንጨት ተሳለመች፣ ታዴ። እሱ ደግሞ ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ ክፉ አይንካችሁ እያለ አንድ ሳያደናቅፈው እስከ መጨረሻው መረቀ።

አንተ መቼ ምርቃት ጨርሰህ ታውቃለህ? የጎረቤት ልጅ ስትመርቅ እንኳ ውለዱ ካልክ በኋላ ሳግ ይይዝህ አልነበረም? እጅህ አየር ላይ ይቀራል፣ ከንፈርህ ይንቀጠቀጣል፣ ሰዉ ነገሩ ገብቶት አሜን ብሎ ይጨርስልሃል። ናሆምን ያልኩት ይሄንን ነው። እማ፣ ድምፁ እኮ የራሱ የአባቢ ነው አለኝ። እኔም፦ «ድምፁስ የሱ ነው፤ ሳጉን የት ጣልከው?» አልኩት።  ያን ቀን ልጄን በጣም ተናገርኳት፣ ወንድሟንም ተናገርኩት፤ አንተንም ተናገርኩህ። የት ሄደህ ነው በቦታህ ዕቃ የሚቀመጠው? ልጅህን ሳትድር መሄድ ምን የሚሉት ነገር ነው? ብዬ ተቆጣሁህ። አሁንም አልበረደልኝም።

የሰርጉ ዕለት ላፕቶፑ አልወጣም። ወንበርህ ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። እልል ተባለ፣ ሰላም በነጭ ቀሚሷ በርከክ ብላ ሁለቱንም ጉልበቶቼን ሳመች፤ ያን የሚያመኝን ጠበቅ አድርጋ። አንድ ሳላስቀር ልመርቃት ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ሰንብቼ ነበር፤ ወሬ መቼ ጠፍቶኝ ያውቃል? ውለዱ አልኩ። አባትሽ አልኩ። ከዚያ በኋላ ቃል እምቢ አለኝ። እኔ አልማዝ፣ ሰው አላስወራ የምል ሴት፣ እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። በሩ ጋ የቆመው ናሆም ነው መጀመሪያ አሜን ያለው። ቤቱ ተከተለው። ከዚያ መጥቶ ከእኅቱ አጠገብ ተንበረከከና እሱም ጉልበቴ ላይ ተደፋ። ጉልበቴ እርጥብ ሆኖ ነው ሙሽሮቹን የሸኘሁት።

ከሰርጉ በኋላ ናሆም ያንን ነገር ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መልስ የሚሰጠውን አጥፋው፣ የአባትህን መልእክቶች ግን እንዳትነካ አልኩት። ነጭ ሽንኩርት ተወደደ የምትልበትን፣ መሐል ላይ የምታስልበትን፣ ለእኔ ጥያቄ ምንም የማትመልስበትን፣ እሱን እሰማለሁ።

እኔም እንደነበርክ አስታውስሃለሁ፣ ታዴዬ። ሳል ያለብህን፣ ምርቃት የማትጨርሰውን፣ ልክ ነሽ የማትለኝን አንተን። ሰላም ስትወልድ የልጅ ልጅህን አቅፌ ይሄንኑ እነግረዋለሁ፤ አሳምሬ አልነግረውም።

ዳንቴሉን ግን ከአሮጌው ኮምፒውተርህ ላይ አላነሣሁትም። ክረምት ገብቷል፣ ይበርደዋል። አይበርደውም ካልክ ተነሥና ተከራከረኝ።

አልሚህ